የላፕቶፕ ባትሪ አቅምና የመለኪያው ንባብ፦ በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች ለሚገኙ ገዥዎችና ተጠቃሚዎች

ጅግጅጋ ከቶጎ ውጫሌ የድንበር ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የንግድ ማዕከል ናት። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በዚሁ ድንበር የሚያልፈው የሸቀጥ መስመር ያገለገሉ ላፕቶፖችንም ይዞ ይመጣል። ተማሪውም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛው ዕቃውን በሚገዛበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማስታወሻውና ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ባትሪውን በሚመለከት ግን ሻጩ «አራት ሰዓት ይቆያል» ካለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። መብራት በሚቋረጥበት ሰዓት የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ባትሪው ነው።

የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት-ሰዓት ወይም በሺኛው በሚሊዋት-ሰዓት ነው። በባትሪው ላይ ቮልትና ሚሊአምፔር-ሰዓት ብቻ ተጽፎ ከተገኘ ሁለቱን አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ 11.1 ቮልትና 4,400 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 49 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሚሊአምፔር-ሰዓቱ የበዛ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም፤ ቮልቱ ሲለያይ ንጽጽሩ ይፋለሳል።

በዊንዶውስ የሚሠራ ላፕቶፕ ስለ ባትሪው ሙሉ መግለጫ ማውጣት ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለውን መስኮት ከፍቶ «ፓወር-ሲ-ኤፍ-ጂ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ያለ ሰረዝ አያይዞ መጻፍ፣ ቀጥሎም ክፍት ቦታና ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰረዝ አድርጎ «ባትሪሪፖርት» የሚለውን እንዲሁ አያይዞ መጨመር ነው። በሚከፈተው ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ፤ «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ሲሆን፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 32,500 ሚሊዋት-ሰዓት ቢሆን የቀረው አቅም 65 በመቶ ነው። ላፕቶፑ በአማካይ 10 ዋት የሚወስድ ከሆነ አዲስ ሳለ 5 ሰዓት ይሠራ የነበረው አሁን 3 ሰዓት ከሩብ ይሠራል ማለት ነው። በማያ ገጹ ጥግ የሚታየው «100 በመቶ» ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ የሚናገረው የቀረው አቅም መሙላቱን ብቻ ነው፤ ያረጀም ባትሪ 100 በመቶ ይላል።

«ሳይክል ካውንት» የሚለው ደግሞ የሙሌት ዑደት ነው። ከግማሽ ሁለት ጊዜ መሙላት እንደ አንድ ዑደት ይቆጠራል። በአፕል ኮምፒውተር ይህንኑ ቁጥር ለማየት የኦፕሽን ቁልፍን ተጭኖ የአፕል ምልክቱን በመክፈት «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ፓወር» የሚለውን መመልከት ይቻላል።

እነዚህ ንባቦች ሁልጊዜ እውነት አይናገሩም። በባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ እየቆጠረች ታሰላለች፤ ባትሪው ሙሉ ወይም ባዶ ሆኖ ካላገኘችው ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። 30 በመቶ እያሳየ በድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የዚህ፣ አለዚያም የአንድ የደከመ ሴል ምልክት ነው። በሁለትና በሦስት ወር አንድ ጊዜ እስከ 10 በመቶ ድረስ አውርዶ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው መሙላት ንባቡን ያስተካክላል። የጠፋውን አቅም ግን አይመልስም፤ ይመልሳል የሚል ባለሙያ ቢገኝ ሊታመን አይገባም።

ከዚህ የባሰው የታደሰ የሚባለው ባትሪ ነው። የቺፕዋ መዝገብ ተሰርዞ ዑደቱ ዜሮ እንዲያሳይ ሊደረግ ይችላል፤ ሴሎቹ ግን ያው አሮጌዎቹ ናቸው። ስለሆነም ገዥው ከሪፖርቱ በተጨማሪ በሱቁ ውስጥ ሊሞክረው ይገባል። ቻርጀሩ ይነቀል፣ የማያ ገጹ ብርሃን መካከለኛ ይሁን፣ ቪዲዮ ለ30 ደቂቃ ይጫወት። በዚህ ጊዜ 15 በመቶ ከወረደ በዚያው አጠቃቀም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ቁጥሩ በዝግታ በመውረድ ፋንታ ከ60 ወደ 35 ቢዘል ግዢውን መተው ይመረጣል። ቻርጀሩ እንዲነቀል የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ሊቲየም-አዮን ባትሪን የሚያስረጅ ዋናው ነገር ሙቀት ነው፤ በተለይም ሙሉ ሆኖ በሙቀት ሲቀመጥ። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጅግጅጋ በዚህ ረገድ ከሽንሌ፣ ከአይሻና ከደወሌ ትሻላለች። በሲቲ ዞን ቆላ የሚኖር ተጠቃሚ ላፕቶፑን በቆመ መኪና ውስጥ ወይም በፀሐይ በሚግል ቆርቆሮ ሥር መተው የለበትም። ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ቢቀመጥ ይሻላል። ሙሌቱን በ80 በመቶ የሚገድበው ቅንብር በብዙ ላፕቶፖች ይገኛል፤ ይሁንና መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ሰፈር የመጨረሻዋ 20 በመቶ ከባትሪው ዕድሜ ይልቅ ልትፈለግ ስለምትችል ምርጫው የባለቤቱ ነው።

ያበጠ ባትሪ ወዲያውኑ ከአገልግሎት ይውጣ፤ አይወጋ፣ አይጫን፣ ዳግመኛም አይሞላ። ከገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ መንገደኛ ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አያስገባ፤ ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ ለሆነ ባትሪ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዕቃው ያገለገለ ወይም የታደሰ መሆኑን በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ የላፕቶፑ ዓይነት፣ ያገለገለ ስለመሆኑ፣ እንዲሁም ከሪፖርቱ የተገኙት ሁለቱ የአቅም ቁጥሮች ከነቀኑ እንዲጻፉ ገዥው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይጠይቅ።