ከአመድ መካከል የተከፈተ መስኮት

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ ከተማ የወደመበት ሰዓት በደቂቃ ይመዘገባል፤ ኑሮ የተመለሰበት ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊ አያገኝም። የሂሮሺማን ጥፋት ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945)፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን በጣለው አንድ ቦምብ ከተማዪቱ ነደደች። እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ወደ 140,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

እኔን ዘወትር የሚያስገርሙኝ ግን ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው።

የጃፓን ባንክ የሂሮሺማ ቅርንጫፍ ከፍንዳታው እምብርት 380 ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። ግንቡ ጠንካራ ነበርና አልፈረሰም፤ ሦስተኛው ፎቅ ተቃጠለ፣ ብዙ ሠራተኞች ሞቱ፣ ካዝናው ግን ተረፈ። ነሐሴ 2 ቀን ባንኩ ሥራ ጀመረ። ሕንጻቸው የነደደባቸው ሌሎች ባንኮችም እዚያው ተጠግተው መስኮት ከፈቱ። የጣሪያው መስተዋት ረግፎ ስለ ነበር፣ ዝናብ ሲዘንብ ሠራተኞቹ ጃንጥላ ዘርግተው ይሠሩ ነበር።

በማግስቱ ደግሞ የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር በምዕራብ በኩል በአጭር መስመር ላይ ተንቀሳቀሰ። ወንዶቹ ስለ ዘመቱ ባቡሩን ከሚነዱትና ትኬት ከሚቆርጡት ብዙዎቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ተማሪ ልጃገረዶች ነበሩ። ከእነርሱም የተረፉት ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ይህን የምጽፈው መከራውን ለማቅለል አይደለም። ከእሳቱ ያመለጡ ብዙዎች በጨረሩ ጦስ በሳምንታት ውስጥ አልፈዋል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ደብተሩን የረሳ ደንበኛ ሲመጣ «ነገ ይዘው ይምጡ» ብዬ እመልሳለሁ፤ ደንቡ ያስገድደኛል። በሂሮሺማ ግን ደብተሩም፣ በፊርማ ፈንታ የሚያገለግለው ማኅተምም፣ ከነቤቱ ነዷል። ስለዚህ ከፋዮቹ ስምና አድራሻ እየጠየቁ፣ ሰውን በቃሉ አምነው ገንዘቡን ይሰጡት ነበር። ያም አድራሻ አመድ የሆነ ቤት አድራሻ ነበር።

አባቶቻችን «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ ምሳሌው ይከብደኝ ነበር፤ አሁንም ይከብደኛል። በሂሮሺማ የወለዱት ጠፍቷል። ሰው በሰው ፊት ይዞት የሚቆመው ቃሉን ብቻ ነበር፤ ከብረትና ከሲሚንቶ አስቀድሞ ከተማዪቱ ዳግመኛ የተመሠረተችውም በእርሱ ይመስለኛል።

ደንቡን አልሽርም። ነገር ግን ከመስኮቴ ማዶ የቆመውን ሰው፣ ከወረቀቱ አስቀድሜ ለማየት እሞክራለሁ።