አሮጌ የጀልባ ሞተሮችን ስለ ማደስ

በጀልባ ኋላ በሁለት ብሎን ተጠብቆ የሚታሠረው፣ ሥራው ሲያበቃም ተፈትቶ ወደ ቤት የሚገባው ትንሽ ሞተር የሃያኛው መቶ ዓመት ልጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምንም እንኳ የዲትሮይቱ ካሜሮን ዋተርማን በ1907 የፈጠራ መብት ቢያገኝበትም፣ መሣሪያውን ለየሐይቁና ለየወንዙ ሕዝብ ያስለመደው የሚልዎኪው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። ኤቪንሩድ በ1877 በኖርዌይ ተወልዶ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገረ መካኒክ ነበር። በ1909 ለገበያ ያወጣው ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ሆኖ፣ ጉልበቱ አንድ ተኩል ፈረስ፣ ክብደቱም 28 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። በሙቀት ቀን ለእጮኛው አይስክሬም ለማምጣት ሲቀዝፍ ደክሞት ነገሩን እንዳሰበው ይተረካል። ተረቱ ያማረ ነው፤ ሽያጩን ያስፋፋው ግን፣ በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ይህችው ቤስ፣ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን እንዲጥሉ በመምከር ያዘጋጀችው ማስታወቂያ ነው።

የባለቤቱ ጤንነት በመታወኩ ኤቪንሩድ በ1914 ድርሻውን ሸጦ ወጣ፤ ለአምስት ዓመትም ወደዚሁ ንግድ ላለመመለስ ተስማማ። ጊዜው ሲያልቅ ኤልቶ የተባለውን፣ አብዛኛው አካሉ ከአሉሚኒየም የሆነውን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ብቅ አለ። ይኸው ሦስት የፈረስ ጉልበት ኖሮት ክብደቱ ወደ 22 ኪሎ ግራም ዝቅ ያለ ነበር። በ1922 ደግሞ የጆንሰን ወንድማማቾች 16 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሞተር አቀረቡ። የክብደቱ መቀነስ በዘመኑ ለገዢ ትልቅ እፎይታ ሲሆን፣ ለዛሬው አዳሽ ግን የድካም ምንጭ ሆኗል፤ አሉሚኒየምና የብረት ብሎን ለብዙ ዓመታት በእርጥበት፣ በተለይም በጨው ውሃ፣ ተጣብቀው ሲኖሩ እርስ በርሳቸው ይበላላሉና። ችኩል ሰው ቁልፉን በጉልበት ሲጠመዝዝ ብሎኑ ይሰበራል፤ ትዕግሥተኛው ግን ዘይት እያጠጣና በመጠኑ እያሞቀ ያላቅቀዋል።

ለብዙ ዓመታት የተቀመጠ ሞተር ሲገኝ የማስነሻውን ገመድ መሳብ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ መሸነፍም አይገባም። አስቀድሞ ካንዴላው ወጥቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ይጨመራል፤ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላም ቮላኖው በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ፋሻዎቹ ከካርቦን ጋር ተጣብቀው ከሆነ በድንገት የሚሳበው ገመድ ይሰብራቸዋል። ቀጥሎ የሚመጣው የእሳት ጉዳይ ነው። ቮላኖው በመዶሻ ሳይሆን በመንቀያ መሣሪያ ተነሥቶ ፑንቲናው ይጸዳል፤ በብዙዎቹ የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩት ሞተሮች ቦቢና ሽፋኑ እየተሰነጣጠቀ ብልጭታውን ስለሚያደክም ብዙውን ጊዜ በአዲስ መተካት ግድ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ጥፋት የሚያደርሰው ግን ዘይት ነው። ዛሬ የሚሸጡት የሁለት ምት ሞተር ዘይቶች አንድ እጅ ዘይት ለ50 እጅ ቤንዚን ይላሉ። ዘንጉ በነሐስ ኩሽኔታ ላይ የሚዞር አሮጌ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ለ16 ይፈልጋል፤ የጠርሙሱን ጽሑፍ አምኖ የቀዳ ሰው የሰማንያ ዓመት መሣሪያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያቃጥል ይችላል። ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው አልኮልም የካርቡራተሩን የቡሽ ተንሳፋፊ ቀለም እያሟሟ ነዳጅ ያጠጣዋል።

ወዳጆቹ በ1965 በአሜሪካ የአሮጌ ሞተሮች ክበብ አቋቁመዋል። በእነዚህ ባለሙያዎች ዘንድ የቆየው ክርክር፣ ሞተሩ እንደተገኘ ይቀመጥ ወይስ ይሥራ የሚለው ነው። አዲስ ቦቢና የገባበት ሞተር በፍጹም ያው የጥንቱ አይደለም፤ ያልተነሣ ሞተር ደግሞ ስለ ድምፁ፣ ስለ ንዝረቱና ስለ አፍቃሪው የማስነሳት ጥበብ አንዳች አይናገርም። ሚዛናዊው መንገድ የወጣውን ዕቃ ሳይጥሉ ከነስሙ ማስቀመጥ፣ የመጀመሪያውን ቀለም በተቻለ መጠን አለመፋቅ ነው። አሳምሮ በተቀባ ሞተር ላይ የፋብሪካው ምልክት ጠፍቶ ማየት ከዝገቱ ይልቅ ያሳዝናል።

ሞተሩ ቢነሣም የት እንደሚሠራ ሌላ ጥያቄ ነው። የሁለት ምት ሞተር ከነዳጁ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም የበለጠውን፣ ሳያቃጥል ወደ ውሃ ይለቃል። በታሆ ሐይቅ ባለ ካርቡራተር የሁለት ምት ሞተሮች ከ1999 ጀምሮ የተከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህንን ክልከላ ጠላትነት ብሎ መቁጠርም አያስኬድም። ስለሆነም ብዙ አሮጌ ሞተር ዛሬ የሚነሣው በጋን ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው። ከ1936 ጀምሮ ጆንሰንንና ኤቪንሩድን በአንድ ያስተዳደረው ድርጅት በ2000 ከስሯል፤ የኤቪንሩድ ምርትም በ2020 ቆሟል። የሚፈለገው ጥርስ ወይም የውሃ ፓምፕ የሚገኘው እንግዲህ ከሌላ የተሰበረ ሞተር ነው፤ በየአዳሹ መደርደሪያም አንዱን ለማስነሣት ሁለት ወይም ሦስት የተበተኑ ሞተሮች ይታያሉ።