ልብ ወለድ ታሪክ፣ ፊልምና የመተማ ቆላ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በተለይም በመተማና በቋራ ወረዳዎች፣ የታሪክ ትምህርት የሚሰጥ መምህር በሌላው የአገራችን ክፍል የሚገኝ ባልደረባው የማያጋጥመው ሁኔታ ያጋጥመዋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ የያዙት ሁለት ነገሥታት፣ አንደኛው በዚሁ ቆላ ለሥልጣን ያደገ፣ ሁለተኛው በዚሁ ቆላ የወደቀ ነው። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ፣ የቋራ ሰው ነው። ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው በማግሥቱ አርፈዋል፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ይሁንና ተማሪው ወደ ክፍል የሚገባው ስለ እነዚህ ሰዎች ባዶ አእምሮ ይዞ አይደለም። ከመማሪያ መጽሐፉ አስቀድሞ በልብ ወለድ፣ በቴአትር፣ በሬዲዮ ትረካ፣ በቅርቡም በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ በሚታይ ፊልም አውቋቸዋል። መምህሩ ይህን የቅድሚያ ዕውቀት እንዴት ይያዘው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ታሪካዊ መነሻ ማቅረብ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍትና ፊልሞች ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የቀረው ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ተሰጥቷል።

ከቴዎድሮስ እንነሣ። ስለ ቴዎድሮስ በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ጽሑፍ ልብ ወለድ ሳይሆን ዜና መዋዕል ነው። ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፏቸው ሁለቱ በዋናነት ይጠቀሳሉ። ሆኖም ዜና መዋዕሎቹ በሊቃውንት እጅ ሲቀሩ፣ ሕዝቡ ቴዎድሮስን የተቀበለው ከቃል ትውፊትና ከ1940ዎቹ ወዲህ ከተነሡት ደራሲያን ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ታሪካዊ ቴአትር ጻፉለት። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ቴዎድሮስ» የተባለውን ቴአትር አቀረቡ። ከእነዚህ መካከል ብርሃኑ የጎንደር ተወላጅ ሲሆን በ1979 ዓ.ም. «የታንጉት ምሥጢር» በተባለው ልብ ወለዱ ወደዚያው ዘመን ተመልሷል።

እነዚህ ሥራዎች በተጻፉበት ጊዜ ያለ ሥጋት የተጻፉ አልነበሩም። በክንዱ ነግሦ ባላባቱን የተጋፋ ንጉሥን ማወደስ በዘውዱ ዘመን ሁለት ፍቺ ነበረው። አንባቢው ሁለተኛውን ፍቺ ለማግኘት ብዙ አይደክምም ነበር። አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን ከማሳተሙ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ ታግዶበታል፤ እርሱም ለግዞት ተዳርጓል። እንግዲህ የታሪክ ልብ ወለድ ለደራሲው መጠለያም ነበር ማለት ይቻላል፤ ስለ ዛሬ መናገር ያልተፈቀደለት ሰው ስለ ትናንት ይናገራል። መጠለያ ያልፈለገው በዓሉ ግርማ ምን እንዳገኘው የታወቀ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የዚያ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል፤ ስክሪኑ ወደ ልብ ወለዱ የገባው ልብ ወለዱ ወደ ስክሪን ከመውጣቱ አስቀድሞ ነበርና።

ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈው ልብ ወለድ ለትምህርት ያበረከተው አንድ ነገርና ያጎደለው አንድ ነገር አለ። ያበረከተው ሰውየውን ማስወደዱ ነው። ያጎደለው ቆላውን ነው። በአብዛኛው አንባቢ አእምሮ ቋራ የሽፍትነት ጫካ ብቻ ሆና ቀርታለች። የታሪክ ማስረጃው ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። ይህ ጠረፍ ከግብፅ ይዞታ ከነበረው ሱዳን ጋር የሚያዋስን የንግድና የጦርነት በር ነበር። በመተማ ገበያ የደጋው ቡናና የቆላው ጥጥ ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ ባሮችም ይሸጡ ነበር፤ ከምዕራብ ሱዳን የመጡ ተክሩሮችም በዚያው ሰፍረው ይኖሩ ነበር። ካሣ በቤታቸው ያደገባቸው ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ወድ ቀልተቡ ላይ የግብፅን ጦር ድል አድርገዋል። ካሣ ራሱ ግን በ1840 ዓ.ም. በዚሁ አቅጣጫ ዘምቶ ደባርቂ ላይ ምሽግና መድፍ ያለውን የግብፅ ጦር ገጥሞ ተሸነፈ። በኋላ ዘመን ንጉሡ ለሠራዊት ሥርዓትና ለመድፍ የነበራቸው ብርቱ ፍላጎት፣ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን መድፍ እንዲሠሩ እስከ ማስገደድ የደረሰው፣ ከዚያ ሽንፈት ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ያመለክታሉ። ለቋራ ተማሪ ከኮሶ ሻጭ ልጅነት ስድብ ይልቅ ደባርቂ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ስድቡ ለትረካ ይመቻል፤ ሽንፈቱ አይመችም። ስለዚህ በመድረክም ሆነ በአንባቢው ትዝታ የቀረው ኮሶው ነው።

ወደ ስክሪን ስንሸጋገር፣ በአገራችን ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ከጎጃም የተነሣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ያደረሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያቀረበው ትረካ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በተከታታይ ድራማ መልክ መቅረብ ሲጀምር ሁለት ዓይነት ክርክር ተነሣ። አንደኛው የመብት ክርክር ሲሆን እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው፤ ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ ጉዳዩ ገና ለረጅም ጊዜ ሕያው ነው። በየትምህርት ቤቱ ክበባት ልብ ወለድን ወደ ድራማ የሚለውጡ መምህራን ይህን ሕግ ቢያነቡት አይከፋም።

ሁለተኛው ክርክር በፍርድ ቤት የሚያልቅ አይደለም። ወጋየሁ ድምፁን ሰጠ እንጂ መልክ አልሰጠም። ሰብለ ወንጌልን እያንዳንዱ አድማጭ ከሚያውቃቸው ልጃገረዶች መካከል መርጦ ሠራት፤ የመተማው አድማጭ በቆላ፣ የደብረ ማርቆሱ በደጋ። ጉዱ ካሣም እንዲሁ በየመንደሩ አንድ ጉዱ ካሣ ነበረው። ቴሌቪዥን አንድ ፊት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ልብስ መረጠ። ተመልካቹ «ይህቺ ሰብለ አይደለችም» ሲል የተዋናይቷን ብቃት መንቀፉ ብቻ አልነበረም፤ በውስጡ የኖረው ሥዕል ስለ ተነጠቀበት ነው። በኔ አስተያየት ይህ ለአማርኛ መምህር መልካም አጋጣሚ እንጂ ጉዳት አይደለም። ተማሪው አንዱን ምዕራፍ አንብቦ የራሱን መልክ በጽሑፍ ከገለጸ በኋላ ድራማውን ቢያይ፣ ልዩነቱን ራሱ ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን መልመጃው ዋጋ ያጣል፤ አንድ ጊዜ የታየ ፊት ከአእምሮ አይወጣምና።

አሁን ወደ ዮሐንስና ወደ መተማ ጦርነት እንምጣ፤ የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። የማህዲስቶች ጦርነት በዓለም ሲኒማ ብዙ ጊዜ ከታዩት የአፍሪቃ ጦርነቶች አንዱ ነው። የእንግሊዛዊው ሜሰን «አራቱ ላባዎች» የተባለ ልብ ወለድ በ1902 ታትሞ በሰፊው ተነበበ። ዘመቻን ሸሽቶ ያልተገኘ አንድ መኮንን የፈሪነት ምልክት የሆነ ነጭ ላባ ከባልንጀሮቹና ከእጮኛው ይቀበላል፤ ከዚያም ተሸሽጎ ሄዶ ክብሩን ያስመልሳል። ይህ መጽሐፍ ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ጀምሮ በተደጋጋሚ ወደ ፊልም ተለውጧል። በ1939 ዞልታን ኮርዳ በሱዳን ምድር በቀለም ሲያነሣው፣ ዋናውን ጦርነት ወደ 1898ቱ የኦምዱርማን ዘመቻ ወሰደው። በ2002 ሼካር ካፑር ያዘጋጀው ደግሞ የ1885ቱን የአቡ ክሌአ ጦርነት የእንግሊዝ ሽንፈት አድርጎ አቀረበ፤ በእውነቱ እንግሊዞች ያን ቀን ብዙ ሰው አጥተው አሸንፈዋል። በ1966 የወጣው «ካርቱም» የተባለ ፊልምም ጄኔራል ጎርደንና ማህዲው ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ያሳያል። ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም።

ከእነዚህ ይልቅ ለእኛ ሥራ የሚቀርበው የፖላንዱ ሸንኪየቪች በ1911 ያሳተመው «በበረሃና በዱር» ነው። ደራሲው በ1905 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሲሆን፣ መጽሐፉ በማህዲስቶች ሰዎች የተጠለፉ ሁለት ሕፃናትን ጉዞ ይተርካል፤ በ1973ና በ2001 ፊልም ሆኗል። ለብዙ ዘመን በፖላንድ ትምህርት ቤቶች የተመደበ መጽሐፍ በመሆኑ የዚያ አገር ልጅ ማህዲስት የሚለውን ስም የሚያውቀው ከእርሱ ነው። አፍሪቃውያንን ዝቅ አድርጎ የሚሥል መሆኑ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶበታል፤ ከትምህርት ቤት ይውጣ የሚሉና ከማብራሪያ ጋር ይነበብ የሚሉ ወገኖች ሲከራከሩ ኖረዋል። የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ይህን ክርክር በቅርብ ሊያውቀው ይገባል፤ ነገ የእኛም ይሆናልና።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛይቱ መተማ የለችም። እንዲያውም የእንግሊዝ መጻሕፍት መተማ ብለው የሚጽፉት በናይል ዳር፣ በሸንዲ ትይዩ የምትገኘውን ሌላዋን ከተማ ነው፤ ከአቡ ክሌአ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር በ1885 የደረሰው በዚያች አጠገብ ነው። ሁለቱን ቀላቅለው የሚጽፉ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ መምህራንም አሉ። በካርታ ላይ ሁለቱን ማስጠቆም አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የእኛይቱ መተማ በፊልም አለመታየቷ ምን አጎደለ? የጦርነቱን መነሻ እንመልከት። በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ በተፈረመው ውል ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ተስማሙ። በዚህም የእንግሊዝንና የግብፅን ችግር በራሳቸው ትከሻ ላይ ተሸከሙ። ከዚያ በኋላ ጠቡ ጸና። በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደርን ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ፤ የሁለታችንም ጠላት አውሮፓዊው ነውና እርስ በርሳችን አንጫረስ የሚል መንፈስ ያለው ነበር። መልሱ የሰላም አልነበረም። አቡ አንጃ በዚያው ጥር ሲሞት ዘኪ ቱማል ተተካ። በመጋቢት ሁለቱ ሠራዊት ተጋጠሙ፤ ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ባጋደለበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተበተነ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ይህ ታሪክ ለልብ ወለድ ጸሐፊም ለፊልም አዘጋጅም የተመቸ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ፊልም ደብዳቤን አይወድም፤ ጎራዴንና እሳትን ይወዳል። ደብዳቤው ከወጣ የሚቀረው የክርስቲያንና የእስላም ጦርነት ነው። በመተማ ደግሞ በአንድ ወንበር ላይ የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች ይቀመጣሉ። ሰሊጥ ለማጨድ የመጣ የደጋ ሰው ልጅ አለ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ በዚያው በር የገባ ሕዝብ አለ። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የጎንደርን መቃጠል መደበቅ አይቻልም፤ መደበቅም አይገባም። ነገር ግን መቃጠሉን አስተምሮ የሰላም ደብዳቤውን የዘለለ መምህር ሳያውቀው የፊልም አዘጋጅ ሆኗል።

ከዚህ አካባቢ ጋር የሚገናኝ አንድ የቅርብ ምሳሌም አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚህ ቆላ አቋርጠው ወደ ሱዳን የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ በ2019 በወጣ አንድ ታዋቂ ፊልም ላይ ቀርቧል። የተነሣው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪቃ ሲሆን፣ ጀግኖቹ በአብዛኛው የውጭ ሰላዮች፣ ተጓዦቹ ግን አጃቢዎች በመሆናቸው ተነቅፏል። ቆላው በሌላ ምድር፣ ሰዎቹም በሌላ ሰው ታሪክ ተተክተዋል።

ለመምህራን ማሠልጠኛ የማቀርበው ሐሳብ ሰፊ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ መምህራን ፕላዝማ ባሉት፣ መሰጠት ሲጀምር ስክሪኑ የመምህሩን ቦታ ያዘ የሚል ቅሬታ በየስፍራው ተሰምቶ ነበር። የዛሬው ስክሪን በተማሪው ኪስ ነውና በቅሬታ አይመለስም። ሠልጣኙ ለአንድ ክስተት ሦስት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ማስነበብ ይለማመድ፤ ከዜና መዋዕል አንድ ገጽ፣ ከልብ ወለድ አንድ ትዕይንት፣ ከአካባቢ ሽማግሌ ቃል የተጻፈ ግማሽ ገጽ። ፊልም ካለ በአራተኛ ደረጃ ይምጣ። ለቋራ ክስተቱ ደባርቂ ይሁን። ለመተማ የደብዳቤው ጉዳይ ይሁን፤ ተማሪው ተቀባዩን አቡ አንጃን ሆኖ፣ ጎንደርን ባቃጠለ በዓመቱ ይህ ወረቀት ሲነበብለት ምን እንዳሰበ፣ መልሱንም ለምን እንዲያ እንዳደረገ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ፈተናው ሲታረም ነጥብ የሚሰጠው ለቋንቋው ውበት ሳይሆን ተማሪው ከማስረጃ ያገኘውንና ከራሱ የጨመረውን ለይቶ በኅዳጉ ላይ ላመለከተበት ይሁን።