«ተዛባ» ሲባል

«ሆርሞን ነው» የሚለው መልስ ከሚሴም ሆነ አዲስ አበባ እንደ ምርመራ ውጤት ይቆጠራል። አይደለም። የወር አበባ «መዛባት»ም የምልክት ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። የአዋቂ ሴት ዑደት፣ ደም መታየት ከጀመረበት ቀን እስከ ቀጣዩ ደም መጀመሪያ ሲቆጠር፣ ከ21 እስከ 35 ቀን ከሆነ ጤነኛ ነው፤ አንዱ ወር 26፣ ሌላው 30 ቢሆን መዛባት አይባልም።

ከሚሴ ባለችበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ብዙ ሙስሊም ሴቶች ለሶላትና ለጾም ሲሉ የወር አበባቸውን ቀን ይቆጥራሉ፤ ሐይድን (የወር አበባን) ከኢስቲሓዳ፣ ማለትም ከልማዱ ውጭ ከሚፈሰው ደም፣ ይለያሉ። ለሐኪም ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? ካርድ ክፍል ግን «ተዛብቶብኛል» ብቻ ተብሎ ይታለፋል።

መጀመሪያ የሚጣራው እርግዝና ነው። ቀጥሎ የሦስት ወር መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ፤ ሁለቱም የወር አበባን ሊያዛቡ፣ ሊያስቀሩም ይችላሉ። ከዚያ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው እነዚህ ከተጣሩ በኋላ ነው፤ አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም።

ሦስት ወር የቀረባት ወይም ከ8 ቀን በላይ የሚፈሳት ቀኑን ጽፋ ትሂድ፤ «ሆርሞን ነው» ከተባለችም «የትኛው?» ብላ ትጠይቅ።