የተሳላሚ መንገድ፤ ከዋግ እስከ ላሊበላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሸዋ ያለውን፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኝበትን ተራራ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን በዋግ ኽምራ፤ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፤ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀውን ቆላማውን ዝቋላን ነው። የዚያ አገር ምእመን የልደት በዓል በቀረበ ጊዜ ስንቁን በትከሻው፤ ምርኩዙን በእጁ ይዞ፤ ከቆላው ወደ ደጋው እየወጣ ወደ ላሊበላ ይጓዛል። ይህ መንገድ ከማን እንደ ተወረሰና እንዴት ሊሄዱበት እንደሚገባ በአጭሩ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

አባቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው የሚናፍቁት ኢየሩሳሌምን ነበር። ወደዚያ ለመድረስ ግን በረሃውን መቁረጥ፤ ባሕሩን መሻገር፤ ወንበዴውን ማለፍ ያስፈልግ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው መጽሐፍ የዚህን ጉዞ ነገር ተርኳል። እንደ እርሱ አነጋገር፤ መነኮሳትና መነኮሳይያት በማኅበር ሆነው ከጥምቀት በኋላ ይነሡና ለትንሣኤ ለመድረስ ይጓዙ ነበር። በየቀኑ ጥቂት መንገድ ብቻ ይሄዱና በጊዜ ሰፍረው ድንኳን ተክለው ይጸልዩ ነበር። ከእነዚህ ማኅበሮች አንዱ፤ ቍጥሩ ከ300 በላይ የነበረው፤ በመንገድ አደጋ ተጥሎበት ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹም ለባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የተሳላሚ መንገድ በእንባና በደም የተከፈለበት መንገድ ነው።

ቅዱስ ላሊበላ በሮሐ እነዚያን ከአንድ አለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ማነጹን ስናስብ፤ ይህን የአበው መከራ አብረን ልናስብ ይገባናል። ሳላሕ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው በ1180 ዓ.ም. ሲሆን፤ የንጉሡም ዘመን ለዚሁ የቀረበ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነግረን፤ ንጉሡ ኢየሩሳሌምን በአገሩ ምድር ያሳየው፤ ሕዝቡ በሩቅ መንገድ እንዳያልቅ ነው። ስለዚህም በዚያ ዮርዳኖስ አለ፤ ጎልጎታ አለ፤ ደብረ ዘይት አለ፤ ቤተ ልሔምም አለ። ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይህ ስፍራ ለደካማው መንገደኛ ከመራራት የተነሣ የተሠራ ነው። በርኅራኄ ወደ ተሠራ ስፍራ ያለ ርኅራኄ የሚጓዝ ሰው፤ እግሩ ቢደርስ ልቡ አልደረሰም።

ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ የሚወስደው አገር በጥንት አብያተ ክርስቲያናት የከበረ ነው። በሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ በዚያም የዋግ ሹሞች አስከሬን ተጠብቆ ይገኛል። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት የሚቈጥሩ ናቸው፤ ከእነርሱም ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ወደ ላሊበላ ሲቀርቡ የብልባላ ጊዮርጊስና የብልባላ ቂርቆስ ይገኛሉ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፤ በዋሻ ውስጥ፤ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከማችቶ ይታያል፤ ትውፊቱም ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው በዚያ ያረፉ ክርስቲያኖች ናቸው ይላል። ያን ዐፅም ያየ ሰው ጉዞን እንደ ጨዋታ አይቈጥርም።

እንግዲህ ስለ አካሄዱ እንናገር።

አንደኛ፤ ከመነሣት አስቀድሞ ከተጣሉት ጋራ መታረቅ፤ ዕዳን መክፈል፤ ቤተ ሰብን ማሰናዳት ይገባል። ለንስሓ አባት ሳይነግሩ መንገድ መጀመር አይገባም። የታመመ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች፤ ወይም በእርጅና የደከመ ሰው ስእለት አለብኝ ብሎ ነፍሱን አደጋ ላይ አይጣል፤ ሐኪሙንም የንስሓ አባቱንም ይጠይቅ። እግዚአብሔር የሚመዝነው የተረገጠውን ምድር ርዝመት አይደለምና።

ሁለተኛ፤ ጉዞው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ስንቁ የጾም ስንቅ ነው። በሶ፤ ቈሎ፤ ዳቦ ቈሎና ድርቆሽ የማይበላሹ፤ ለመሸከምም የማይከብዱ ናቸው። ውኃ ሲገኝ ሳይጠጡና ዕቃን ሳይሞሉ ማለፍ ስንፍና ነው፤ የወንዝ ውኃ ግን ሳይፈላ ባይጠጣ መልካም ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት በቆላ የወባ ወራት ስለሆኑ፤ በተከዜ በኩል የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ። በደጋው ደግሞ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለውና ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከባድ ነው ተብሎ አይተው።

ሦስተኛ፤ እግርን መጠበቅ ነው። አዲስ ጫማ ለረዥም መንገድ አይሆንም፤ እግር የለመደውን መጫማት ይሻላል። ማታ ማታ እግርን ታጥቦ ማድረቅ፤ እሾህ ቢኖር በንጹሕ መርፌ ማውጣት፤ ውኃ የቋጠረውንም ሳያፈርጡ ሸፍኖ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን የሮጠ በሦስተኛው ቀን ያነክሳል። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ፤ ፀሐይ ሲበረታ በጥላ አርፎ፤ ሳይመሽ ማደሪያ መያዝ ነው። የኢየሩሳሌም ተጓዦች በየቀኑ ጥቂት ሄደው በጊዜ ይሰፍሩ እንደ ነበር አስቀድመን ተናግረናል፤ እኛም ከእነርሱ ብልሃትን እንማር።

አራተኛ፤ ብቻን አለመሄድ ነው። የማኅበሩ እርምጃ የሚለካው በብርቱው ሳይሆን በደካማው ነው። ሽማግሌውንና ሕፃኑን ወደ ኋላ ጥሎ ቀድሞ የደረሰ ሰው፤ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ምን ብሎ ይጸልያል? ስለ መንገዱ ሰላም የአገሩን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ፤ አትሂዱ ከተባለም መታዘዝ ይገባል። በላሊበላም በልደት ዕለት፤ ታኅሣሥ 29 ቀን፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን፤ ሕዝቡ እጅግ ብዙ፤ መተላለፊያውም ጠባብ ነው፤ ስለዚህ መጋፋት ሊቀርና ሕፃናት በእጅ ሊያዙ ያስፈልጋል።

አምስተኛውና ዋናው ግን ስለሚያሳድሩን ሰዎች ነው። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ሲል በሩ ይከፈትለታል፤ እግሩ ይታጠብለታል፤ ካለው ይቀርብለታል። ይህ ልማድ ያለ ደመወዝና ያለ ሹም ለብዙ መቶ ዓመታት ተሳላሚውን ሲመግብ ኖሯል። ነገር ግን ምእመናን ሆይ፤ የዋግ ሕዝብ ያየውን መከራ አስቡ። በ1977 ዓ.ም. ራብ ብዙ ወገኑን አጥቷል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ደርሶበት ብዙዎች ከቤታቸው ተሰድደው በሰቆጣ ተጠግተዋል፤ ላሊበላም ራሷ በዚያ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናም ስለ ጠፋ ዝቋላ፤ ሰሃላና አበርገሌ በ2016 ዓ.ም. በጽኑ ራብ ተጨንቀዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ለእንግዳ እንቢ ማለትን አያውቅም፤ የልጁን እራት ቀንሶ ያቀርባል እንጂ የለኝም ብሎ አይመልስም። አፍሮ የሚሰጠውን ሰው እንጀራ ደፍሮ መብላት ታላቅ በደል ነው።

ስለዚህ ተሳላሚ የራሱን ስንቅ ብቻ ሳይሆን የሚያሳድረውንም ሰው ድርሻ ይዞ ይነሣ። እህል መሸከም የማይችል ገንዘብ ይያዝ፤ በሚያድርበትም ቤት ባለቤቱን ሳያሳፍር፤ ለልጆቹ ብሎ ይስጥ። ለቤተ ክርስቲያን ያሰበውን ጧፍና ዕጣን አያስቀር፤ ነገር ግን የተራበውን አልፎ የበራ ጧፍ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚሆን በልቡ ይመርምር። በልደት ሌሊት ጌታችን ማደሪያ ያጣ እንግዳ ነበረና፤ ወደ ልደቱ በዓል የምንሄድ ሁላችን ማደሪያ የሰጠንን ልናከብር ይገባናል።

የአባቶቻችንን እግር የመራ አምላክ የእኛንም እግር ይምራልን፤ ለዋግ ምድር ዝናሙን በወቅቱ ያውርድላት፤ የተሰደዱትን ወደ ቤታቸው ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።