ፍርዱ ላይ ያልተጻፈው ቅጣት

ጥቅምት 11 ቀን 2005 በእኛው ቃሉ ወረዳ፣ ከደጋን ብዙም በማይርቀው ገርባ፣ ሕዝቡ የታሰረ ወገናችን ይፈታልን ብሎ ወጣ። መንግሥት ፖሊስ ጣቢያ ወረሩ አለ፤ የወጡት ደግሞ ሰልፋችን ሰላማዊ ነበር አሉ። ተኩስ ተከፈተ፤ ቢያንስ ሦስት ነዋሪዎች ሞቱ።

ስምንት ቀን ቆይቶ አዲስ አበባ ላይ ኮሚቴዎቻችንን ጨምሮ 29 ሰዎች በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 አሥራ ስምንቱ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በሐምሌ 2004 የታሰሩት ኡስታዝ አህመዲን ጀበል የወጡት የካቲት 2010 ነው።

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያልተጻፈው የጠያቂው ታሪክ ነው።

የእስረኛ እናት ሌሊት ተነስታ ስንቅ ትቋጥራለች። በር ላይ ተሰልፋ ትፈተሻለች፤ ቅመሺ ስትባል ከያዘችው ምግብ ትቀምሳለች። ከዚያ በአጥር ማዶ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ከደሴ ለምትነሳዋ ቃሊቲ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የቀረው ሥራ ሁሉ ቅጣት ነው፤ ፍርዱ ላይ ግን አልተጻፈም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በወዳጁ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በማዕከላዊ ግን ቤተሰብ ሳያያቸው ሳምንታት ያለፉባቸው ነበሩ።

ወገኖቼ፣ የእስሩን ዘመን ስናነሳ ስንቅ ያመላለሱትን እናቶችና ሚስቶች አንርሳ። ዛሬም በሰፈራችሁ የታሰረ ካለ የቤቱን በር አንኳኩ፤ የመሳፈሪያውን ሸፍኑ፣ ተራ ገብታችሁ ስንቁን አድርሱ። እስረኛ ያለው ቤት ብቻውን አይታሰር።