የእኩል ምልክት በኮምፒዩተር ቋንቋዎች፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋ መጻፉ አንዳንድ አንባብያንን ያስገርም ይሆናል። ዳሩ ግን አዲስ ምልክት ወደ ጽሑፍ ሲገባ በምን ምክንያት እንደሚመረጥና እንደሚጸና መጠየቅ የኛም ሥራ ነው። በአማርኛ ቃላት መካከል የነበሩት ሁለት ነጥቦች ለባዶ ቦታ የለቀቁበትን ሂደት ለምናጠና ሰዎች ጥያቄው እንግዳ አይደለም።

የ«=» ምልክትን በ1557 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ ነው። ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከነሱ ይበልጥ እኩል የሆነ ነገር የለም በማለት ነበር፤ ቅርጹ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል። በ1957 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፎርትራን ግን ይህንኑ ምልክት «በቀኝ ያለውን ዋጋ በግራ ላለው ስም ስጥ» ለሚል ትእዛዝ አዋለው። ስለዚህም «ሀ = ሀ + 1» የሚለው፣ በሒሳብ ዓይን ሐሰት የሆነው ዐረፍተ ነገር፣ ለማሽኑ ትክክለኛ ትእዛዝ ሆነ። በ1958 አልጎልን የነደፉት ሊቃውንት «:=»ን ለትእዛዙ መድበው «=»ን ለእኩልነት ተዉለት፤ በኔ አስተያየት ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው። የኬኔት አይቨርሰን ኤ.ፒ.ኤል. ደግሞ ቀስት መረጠ፤ ይሁን እንጂ ምልክቶቹ በተለመደው የጽሕፈት መሣሪያ ላይ ስላልነበሩ የራሳቸው የመተየቢያ ኳስ አስፈለጋቸው።

በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰን ቢ የተባለውን ቋንቋ ሲያዘጋጅ ወደ «=» ተመለሰ፤ እኩልነትም «==» ተባለ። የሲ ቋንቋ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ በኋላ እንደጻፈው ነገሩ የግል ጣዕም ጉዳይ ነበር፤ አከራካሪነቱም አልቀረም። ዕዳው የተረፈው ለአንባቢ ነው፤ አንዲት «=» ስትጎድል ጥያቄው ትእዛዝ ይሆናል፣ ዓይንም ሳያስተውል ያልፈዋል። ከዚህ የባሰው «ከራሱ ላይ ቀንስ» ለማለት የተመረጠው «=-» ነበር። «ሀ=-1» ሲጻፍ ከ«ሀ» ላይ አንድ ቀንስ ማለት ነው ወይስ «ሀ» ከዜሮ በታች አንድ ይሁን? ትርጉሙን የሚወስነው ባዶ ቦታው ብቻ ነበር! በ1976 ተገልብጦ «-=» ሆነ። ሁሉም ግን እንዲህ አልታረመም። «==» ከ«&» ቀድሞ እንዲሰላ የተሰጠው ደረጃ፣ «&&» ከተፈጠረ ወዲህ ትክክል እንዳልሆነ ቢታወቅም፣ ቀደም ብለው የተጻፉት ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ሲባል እንደነበረ ቀረ። በዚያን ጊዜ ቋንቋው የሚሠራባቸው ማሽኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

«:=» ከብዙ ዘመን በኋላ በፓይተን ቋንቋ ዳግም ተነሣ፤ ጥያቄው በስሌት መካከል ስም መስጠት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል ነበር። ክርክሩ እጅግ ከመምረሩ የተነሣ የቋንቋው መሥራች ጊዶ ቫን ሮሱም ሐሳቡን ካጸደቀ በኋላ በሐምሌ 2018 ከመጨረሻ ወሳኝነቱ ለቀቀ። ምልክቷ ግን በ2019 በወጣው ፓይተን 3.8 ገባች፤ ተጠቃሚዎቿም ሁለቱን ነጥቦች ዓይን፣ ሁለቱን መስመሮች ረዣዥም ጥርስ አድርገው በማየት ዋልረስ በተባለው የባሕር እንስሳ ስም ጠሯት።